የምድጃው አፍ ከፍታ

መቱ ላይ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ፒዛ የሚጋገረው እኔ በገነባሁት ምድጃ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ቀጥሎ የምጽፈው የሚያኮራ ነገር የለውም።

ግንበኛ ነኝ፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከግድግዳ ላይ ነው። በልጅነቴ ጭቃ ላቀብል በገባሁባቸው ቤቶች ግድግዳው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይለጠፍ ስለነበር፣ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ሒሳብም ሆነ ልኬት በራሴ ነው የተማርኩት። ኋላ የመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ሲሆንም ሌላውን ሰው እንዲያነብልኝ ሳልለምን ያንንም ለመድኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት። እሱ በመስኮት የገባበትን ቤት ሌላው በተከፈተለት በር ሳይገባ ሲቀር ይቅር ማለት አይችልም። ዛሬ ይህን አውቃለሁ። ያኔ ግን ቁም ነገረኛነት ይመስለኝ ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት የጎሬ ተወላጅ ነው፤ ሙስሊም፣ እንደ ቀርከሃ የተመዘዘ ረጅም ሰው። ናፖሊ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ብዙ ዓመት ፒዛ ሲጋግር ኖሮ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ፎቅ ይሠራል ብሎ ሲጠብቀው እሱ እኔን አስጠርቶ ምድጃ ሥራልኝ አለኝ። በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ የተደፋ ቅል የሚመስል የሸክላ ጡብ ጉልላት፣ ከፊቱ ጠባብ አፍ ያለው።

«ጋሼ፣ ይህን ከሠሩልኝ መቱን ናፖሊ አደርጋታለሁ» አለ።

«ዝናቡንስ ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ረኮ ሂንቀቡ» ብሎ ሳቀ። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ጉልላቱ ሁለት ጊዜ ፈረሰብኝ፤ በሦስተኛው ቆመ። የአፉን ከፍታ የወሰድኩት ከባለቤቱ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጌ ከወለሉ እስከ እምብርቱ ለካሁ። ከእኔ ጋር ለሚሠሩት ሁሉ ዘወትር የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ደረጃ ስትሠራ የሚወጣበትን ሰው እግር ለካ፣ መደርደሪያ ስትሠራ የባለቤቲቱን ክንድ ለካ፣ ቤት ለሰው ይሠራል እንጂ ሰው ለቤት አይሠራም እላቸዋለሁ። በዚህ ምክሬ የተለወጡ ግንበኞች አሉ።

ምድጃው የሚፈልገው ደረቅ እንጨት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ከሚያባራው ወር የሚዘንበው ይበዛል። ባለቤቱ መላ አላጣም። የሁሩሙ ገበሬዎች ያረጀ ቡናቸውን ሲጎነድሉ ግንዱን እየገዛ ያስጭን፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር እየከመረ ያደርቅ ጀመር። የቡና እንጨት ጭሱ ጥቂት፣ ግለቱ ብርቱ ነው። ፒዛው ገብቶ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዓመት ሳይሞላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ወደ ጋምቤላ የሚያልፈው ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ ወንበር እስኪለቀቅ መጠበቅ ለመደ። ሙሽሮች ከቡሬ ድረስ እየመጡ ፎቶ ይነሱበት ነበር።

በዚያው ዓመት ሴት ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወደቀች። ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እኔ ግን ሐኪም ትሆናለች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ስለነበር ያፈርኩት እሷ ብቻዋን የወደቀች ያህል ነው። ሁለት ወር ከቤት ሳትወጣ ቆየች። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሥራ ማግኘቷን ነገረችን። የት ነው ስላት፣ «እርስዎ የሠሩት ምድጃ ላይ» አለች፤ ደስ ይለኛል ብላ ነበር መሰለኝ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ ሊጥ ልታቦኪ ነው?» አልኳት።

እናቷ ዳቦ መጋገር ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ ብላ ተከራከረችኝ፤ እሷንም ዝም አሰኘኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ከልጄ ጋር የምነጋገረው በእናቷ በኩል ሆነ። ልጅሽን በሩን ዝጊ በያት፣ ልጅሽን ጫማዋን ከዚያ አንሺ በያት፤ ልጅቷ እዚያው ቆማ እየሰማች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይህንም መጻፍ አለብኝ። ያን ምድጃ የገነባው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ከምድጃው ፊት የቆመችው የማን ልጅ ናት ሲባል ግን ወሬ እለውጣለሁ። በሚሰለፉት ሰዎች ፊት ላለማለፍም ወደ ሥራዬ የምሄደው በላይኛው መንገድ ዞሬ ነበር። አንድ ቀን ዕድር ላይ አንዱ ቀልደኛ፣ «ጋሼ፣ እኛስ የልጅዎን እጅ ጠገብነው፤ እርስዎ መቼ ነው የሚቀምሱት?» አለኝ።

«ጾም ነኝ» አልኩት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለና ሰዉን አሳቀብኝ።

ከዚያ ልጄ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ሥራ አገኘች። የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ሐሙስ ጠዋት ትሳፈራለች፤ ረቡዕ ምሳ ምግብ ቤቱ መጥታችሁ ብሉልኝ ብላለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ አልለመነችኝም፤ ኮቴን ብቻ ከመስቀያው አውርዳ አልጋው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ባለቤቱ ገና ሲያየን ተነሥቶ ምድጃው አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠን። መጀመሪያ ያየሁት ጉልላቱን ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። ቀጥዬ ልጄን አየሁ። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከምድጃው አፍ ፊት ቆማለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሷል። ሊጡን በጣቷ እየገፋች ታሰፋና በረጅሙ የእንጨት አካፋ አንሥታ ትከተዋለች፣ ታዞረዋለች፣ ታወጣዋለች። አንድም የምትቸኩልበት፣ አንድም የምትዘገይበት ቦታ አልነበረም። እጅ አውቃለሁ፤ የሠለጠነ እጅ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ታወቀኝ። በቁመቷ እናቷን የምትመስል አጭር ልጅ ናት፤ በዚያ ቀን ግን ረዝማ ታየችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የእኛን ራሷ ይዛ መጣች። ረቡዕ ስለሆነ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና በሶብላ ብቻ። ጠርዙ ተነፍቶ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሏል። አልተቆረጠም። ቢላውን ከእኔ ዘንድ አስቀምጣ እጇን አጣምራ ቆመች።

ኋላ እንደሰማሁት፣ በናፖሊ ወግ ፒዛ ሙሉውን ይቀርባል፤ የሚቆርጠው በላተኛው ነው። እዚያ ቤት ለሁሉም የሚቀርበው እንዲሁ ነው። ልጄ የቆመችው ግን ለናፖሊ ወግ አልነበረም። እኔ ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦው ሙሉውን ፊቴ ይቀርባል፤ ተነሥቼ እመርቃለሁ፣ በቢላው አማትቤ እቆርሳለሁ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇን አጣምራ የምትቆመው እንደዚያ ነበር። በማግስቱ ደግሞ መንገደኛ ናት፤ መንገደኛ ሳይመረቅ አይሄድም። በአፏ ልትጠይቀኝ ያልደፈረችውን ገበታ አድርጋ አቀረበችው።

አልገባኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ገብቶኛል። ቢላውን ባነሣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነበር ማለቴ መሰለኝ፤ ያውም ያ ሁሉ ሰው እያየ።

«ለእንግዳ ሥራው ሳያልቅ ነው እንዴ የሚቀርበው? ቆርጠሽ አምጪው» አልኳት።

ከሦስት ዓመት በኋላ በቀጥታ የተናገርኳት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። «እሺ አባዬ» አለች። ወስዳ ስምንት ቦታ ቆራርጣ መለሰችው፤ ስታስቀምጠው ቀና ብላ አላየችኝም። ይህ ዓይነቱ ምግብ ትኩሱን ካልበሉት እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ሁለት ቁራጭ በላሁ። ባለቤቴ አልነካችውም። የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠርቼ ጭስ ማውጫው ደህና ይስባል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ የሸኘቻት እናቷ ናት። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ሄጄ፣ አሸዋና ሲሚንቶ እስኪመጣልኝ ባዶ መሠረት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከሄደች ሁለት ዓመት አለፈ፤ አንዴም አልመጣችም። አንዳንዴ መንገዱ አያስተማምንም ትላለች፤ አንዳንዴ በዓል ሲሆን ሥራ ይበዛል። ለእናቷ ትደውላለች፤ አባዬ ደህና ናቸው ትላለች፤ ደህና ነው ትባላለች። እዚያ ላይ ያበቃል።

ባለፈው መስቀል ሰሞን የምግብ ቤቱ ባለቤት የምድጃው ወለል ተሰነጠቀ ብሎ አስጠራኝ። እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ቀዝቅዟል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። መሠረቱን ልይ ብዬ ከባንኮኒው ጀርባ ዞሬ ተንበረከክሁ፤ ከምድጃው እግር ሥር ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ብሎኬቶች አገኘሁ። ማዕዘናቸው በጫማ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ቀዳዳቸው ውስጥ የገባው ሊጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን በእጄ ስጫነው ተነቃነቀ፤ ከሥሩ የታጠፈ ቆርቆሮ ተደርጎለታል።

ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«የልጅዎ ነው ጋሼ» አለ ባለቤቱ። «ምድጃው በእኔ ቁመት አይደል የተሠራው። ያለዚያ አትደርስም ነበር።»

«ሦስቱንም ዓመት?»

«ሦስቱንም። ጋሼን ላስጠራና ደህና መቆሚያ ይሥሩልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። አባቴ አንድ ቀን መጥተው ራሳቸው ያዩታል አለች።»

መጥቼ ነበር። ረዝማ ታየችኝ።

ወለሉን ጠግኜ ስጨርስ ብሎኬቶቹን አንሥቼ በቦታቸው መቆሚያ ገነባሁ፤ ሰፊ፣ በውሃ ልክ የተለካ። አሁን የሚጋግረው ሰው ረጅም ስለሆነ አያስፈልገውም። ባለቤቱም ይህን ያውቃል፤ ግን አልከለከለኝም። ጥገናው ደርቆ ምድጃው በተለኮሰበት ቀን የመጀመሪያውን ፒዛ ሙሉውን አቀረበልኝ። ተነሥቼ መረቅሁ፤ አማትቤ ቆረስሁ። ባለቤቱ በቆመበት አሜን አለ። የመረቅሁት ሐዋሳ ያለችውን ልጄን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አሰናዳሁ፤ ምርቃቱንም፣ ይቅርታውንም በቅደም ተከተል አስቀመጥሁ። የባለቤቴን ስልክ ወስጄ ደወልኩ።

«እማዬ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ያሰናዳሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«እዚያ ያለው ምድጃ፣» አልኳት፣ «የአፉ ከፍታ ስንት ነው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ይስማማኛል አባዬ» አለች። «ሲሠሩት እኔን አቁመው ለክተው ነው።»

«ደህና ግንበኞች ናቸው» አልኳት።

ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።