ስለ እጇ የማትጠየቀው ጠራዥ

እትዬን ስለ እጇ መጠየቅ ክልክል ነበር። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። መጽሐፍ መጠረዣ ክፍላችን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ማሽኑ ጣት እንደሚቆርጥ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ አዲሷ ጸሐፊ ሳታውቅ «ውይ እትዬ፣ እጅዎን ምን ነካው?» ብትላት፣ እትዬ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ሰርግ ላይ ብዙ አጨብጭቤ ነው» አለቻት። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በእኛ በር አላለፈችም።

እኔ ወረቀት ቆራጭ ነኝ። ቢላው ይሉኛል፤ ስሙን ያወጣችልኝም እትዬ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ጠርዙን በማሽን አስተካክላለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚልክልን ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ሁሉ በእሷ እጅ አልፎ ነው ሰው መስሎ የሚመለሰው። በሽታው የያዛት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እኛ ቁርጥማት እንለዋለን፣ ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት እስኪረፍድ ድረስ ጣቶቿ አይታጠፉላትም። እያደር ደግሞ ወደ ጎን ጋደሉና መርፌ የሚይዙላት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በሁለቱ ግን እኛ በአሥሩ የማንሰፋውን ትሰፋ ነበር፤ ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም።

ያቃታት መጭመቂያውን ማጥበቅ ነበር። የተሰፋው መጽሐፍ ሙጫው እስኪደርቅ የሚታሰርበት ብረት ነው፤ እጀታው ጉልበት ይፈልጋል። እትዬ ደግሞ ሰው መለመን ሞቷ ነው። ስለዚህ ሳንነጋገር አንድ ልማድ አበጀን። እሷ ጠረጴዛውን በክርኗ መታ መታ ታደርጋለች፣ እኔ መጥቼ አጠብቅና ዞር እላለሁ። ፊቷን አላይም፣ አላወራም፣ እሷም አታመሰግንም። ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ክብሯን ጠበቅኩላት ብዬ በልቤ እኮራ ነበር። እኔ ጅሉ!

ከሦስት ዓመት በፊት የሚከታተላት ሐኪም ግፊትሽን፣ ኮሌስትሮልሽን፣ ልብሽንም ተመርመሪ ብሏት ነበር። ይህ በሽታ መገጣጠሚያ ላይ አይቆምም፣ የደም ቧንቧንም ያስቆጣል፣ እንዳንቺ ያለውን ሰው ልብ ከሌላው ቀድሞ ያደክማል ብሎ በደንብ አስረድቷታል። ለእኔ የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እጄ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ልቤን ሊጎረጉሩ ነው አለች። እኔም አብሬ ገለፈጥኩ። ከዚያ በኋላ ሄደሽ ታየሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት? ምን ቆርጦኝ!

ያን ማክሰኞ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሁለት ሦስቴ ትሰፋና መርፌውን አስቀምጣ ግራ ትከሻዋን በቡጢዋ ታሻለች። ብርዱ ሲጠና እንደሚነሳባት ስለማውቅ ዛሬ ቁርጥማቱ ከፍቶባታል አልኩ በሆዴ። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች፤ ሄጄ አጠበቅኩ። ክፍሉ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ እሷ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አየሁት፤ እግዜር ያውቃል፣ አይቼዋለሁ። አይቼም ዓይኔን መለስኩ።

ጥቂት ቆይታ እንደገና መታች። ብሄድ መጭመቂያው ገና ቅድም እንዳጠበቅኩት ነው። የጠበቀውን ለይስሙላ ነካ ነካ አድርጌ ልሄድ ስል በስሜ ጠራችኝ።

«ቢላው፣ ዛሬስ ከክንዴ እስከ መንጋጋዬ ጠፍንጎ ይዞኛል» አለችኝ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አመመኝ ስትል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መንጋጋና ቁርጥማት ምን አገናኛቸው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። አምልጧት ነው፣ ኋላ ይቆጫታል፣ እንዳልሰማ ልሁን አልኩ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ብርዱ ነው» አልኳትና ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

የያዝኩትን ቁልል ቆርጬ ቀና ስል ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋለች። አሸለባት ብዬ ተውኳት። ሌላ ቁልል ጀመርኩ። ይህን ለማንም ሳወራ እዘላለሁ፣ አሁን ግን ልናገረው፤ ሁለተኛውን ቁልል እስከ መጨረሻው ቆረጥኩ። ከዚያ ነው ተጠግቼ የጠራኋት። አልመለሰችልኝም።

ተሸክመናት ወጣን፣ በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት። አልተረፈችም። የልቧ የደም ቧንቧ ተዘግቶ ነው አሉ። ወጣቱ ሐኪም ይህ የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው ለልብ ድካምና ለቧንቧ መጥበብ ይበልጥ ይጋለጣል፣ ችግሩ ታማሚውም አስታማሚውም ሕመሙን ሁሉ ለቁርጥማቱ ይሰጠዋል አለኝ። ቶሎ ብናመጣትስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኩት። በዚህ ዕድሜዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሊረዳት ይችል ነበር አለና አንገቱን ደፋ።

ልጇ ስትደርስ አብቅቷል። ኮሪደሩ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች። ስታበቃ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ታጽናናኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ እርስዎ በምን ያውቃሉ? እማዬ እንደሆነ ሕመሟን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለእኔ ለልጇ እንኳ ነግራኝ አታውቅም» አለች።

እውነቷን ነው ብዬ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። እንዲያውም እንደዚያ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ለእኔ ነግራኛለች፤ ዛሬ ጠዋት» አልኩ።

ልጅቷ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ እጄን ለቀቀችው።