ምሰሶ የሚያዳምጠው ሰው

ስሙን ማንም አልጠየቀውም። ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ከመርከብ ማቆሚያው ሥር ይገባል፤ የአርማታውን ምሰሶ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። አቤት ሲያዳምጥ! ትናንት የአዲሱ ማቆሚያ ምሰሶዎች እንደ ባዶ እንስራ ድምፅ ሰጡት፤ ከአሸዋው ጋር የገባው የባሕር ጨው በውስጣቸው ያለውን ፌሮ በልቶታል። ለዛሬ የቀረው አሮጌው ማቆሚያ ነው። እሱም ካለቀለት፣ ሐኪም የምታመጣው መርከብ ከእንግዲህ ወደ አቤማማ ደሴት አትመጣም።

ዓሣ የምታሰጣው ኔይ ታዋባ አላስችል ብሏት ውሃው ውስጥ ገባች።

"ምሰሶው ምን አወራዎት ጋሼ? ሐሜት ነው እንዴ?"

"ዝም በይ እስቲ!"

መታ። ሌላውን መታ። ስድስቱም የአሮጌው ምሰሶዎች እንደ ደወል ጥርት ብለው ጮኹ! ሰውዬው ሲዘል ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

"ማነው የሠራው? የአርማታው አሸዋ ከየት መጣ?"

"አባቴ ነዋ! ከዚሁ ከባሕሩ ጠርዝ፤ ግን በዝናብ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቦ። በዚያ ድርቅ የምንጠጣውን ለአሸዋ አጠጣው ብሎ ስንቱ ሳቀበት መሰለዎት!"

ሰውዬው ከደረት ኪሱ የዛገ የፌሮ ቁራጭ አወጣ። ከመዳሰስ ብዛት ለስልሷል።

"እኔ ከሠራሁት ድልድይ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ አሸዋውን አላጠብኩም ነበር።"

ከዚያ ግንባሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ሳቀ። "መርከቧ እዚህ ትቁም!"

ኔይ ታዋባ መዶሻውን ነጠቀችው። "እስቲ የሳቁትም ይስሙ!" አለችና መንደሩ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ የአባቷን ምሰሶ ደወለችው።