አባቴ ሻይ በምን ይጠጣል?

በ2007 ዓ.ም. የኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ጅግጅጋ። የማናውቀው ሰው ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ በፌስቡክ «አደርሽ ነኝ፤ አባትሽ ፈልጎሻል» ብሎ ጻፈላት።

አደር በሶማልኛ የአባት ወንድም ነው። በከተማችን ግን ልጅ ከአባቱ ጋር ቆሞ ያየውን ትልቅ ሰው ሁሉ አደር ይላል። የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም ልጄ ባለሱቁንም፣ ጎረቤታችን ሹፌሩንም፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛም አደር እያለች ነው ያደገችው። አደር ሲጠራ ይኬዳል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ጻፊው ይህን ያውቅ ነበር።

ሌላም ብዙ ያውቃል። ሙሉ ስሟን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ሰባተኛ ክፍል መሆኗን፣ በሒሳብ ውድድር አንደኛ መውጣቷን፣ ጠዋት ተምራ ከሰዓት ቤት እንደምትውል። አባቷ የሽልማት ስጦታ እንደገዛላት ነገራትና የቀብሪበያ ሚኒባሶች ከሚነሱበት ቦታ ብቻዋን እንድትመጣ አዘዛት። ለእናቷ እንዳትነግር፤ እሷንም ሊያስደንቋት ነው።

እኔ በዚያ ሰዓት ስለ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ለጋዜጣ ልጽፍ አዲጋላ ነበርኩ፤ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። እናቷ ቢሮ ነበረች። ልጄ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፣ አጣችኝ። ከዚያ ለሰውየው ጻፈችለት፦ «አደር፣ አባቴ ሻይ በምን ይጠጣል?»

«በግመል ወተት ነዋ፤ ትናንት እንኳ አብረን ጠጣን።»

ለጅግጅጋ ሰው የማያሳፍር ግምት ነው። ችግሩ እኔ ጅግጅጋ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ወተት ያለበት ሻይ ቀምሼ አላውቅም፤ ሆዴ አይችለውም። የምውልበት ሻይ ቤት ባለቤት እስከ ዛሬ «ለእንግዳው ያለ ወተት» እያለች ነው የምታዘው። ከእኔ ጋር አንድ ቀን የተቀመጠ ሁሉ ቀልዱን ያውቀዋል። ልጄ ቤቱን ቆልፋ እናቷ እስክትመጣ ጎረቤት ሄዳ ተቀመጠች።

ረቡዕ ስመለስ ክርክሩ ጠበቀኝ። ባለቤቴ የልጃችን ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት ብላለች። እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነበር። ልጄ ስልኩን ራሷ ይዛ መጥታ በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው።

«ውሰዱት። ግን ነግሬያችሁ ከተቀጣሁ፣ ሌላ ጊዜ ምን ብዬ ነው የምነግራችሁ?»

እንደ ልማዴ ወደ ጥያቄ ዞርኩ። ሰውየው ይህን ሁሉ ከየት አገኘው? የክፍል ጓደኛ ነግሮት ይሆን? አስተማሪ?

«አባዬ፣ አንተ ነህ የጻፍከው።»

የፌስቡክ ገጼን ከፍታ አሳየችኝ። ሽልማቷን ይዛ የተነሳችው ፎቶ አለ፣ ከሥሩ መግለጫው አለ። ማን፣ ምን፣ መቼና የት ያልተመለሱበት የፎቶ መግለጫ ይዞልኝ የሚመጣን ጀማሪ ሪፖርተር ተመልሶ እንዲጽፈው የማደርግ ሰው ነኝ። የራሴም አንድ አልጎደለውም። «ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሆና ታጠናለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ጭምር አክዬበታለሁ። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችውና ያንተንም ስልክ እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ እንጨምረው ወይ አለችኝ።

ስልኩ ከልጄ ጋር ቀረ። ተስማማን፦ የማታውቀው ሰው ከጻፈላት ታሳየናለች፤ ስላሳየችም ቅጣት የለም።

ፎቶውን አጠፋሁ። ዘመዶቼ ግን ተቀባብለውታል፤ ለእያንዳንዳቸው መደወል ነበረብኝ። ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ፣ ብዙ ሰው ስለወደደላት፣ ሁለት ቀን አስለመነችኝ። ትምህርት ቤቱም በገጹ ላይ ለጥፎት ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሯ እዚያው ፊቴ አወረደችውና የሌሎቹን ተሸላሚዎች መግለጫም አብራ አነሳች። ፖሊስ ቃላችንን ተቀበለ። የሰውየው ገጽ ግን በዚያን ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ ማን እንደነበረ አላወቅሁም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ የሆነውን ተናገርኩ። ጨርቅ የምትነግድ አንዲት እናት፣ ልጆቻችን አደርን አያክብሩ ልትለን ነው ወይ ብላ ወጋችኝ። አይደለም፣ ያክብሩ፤ ግን መጀመሪያ ይጠይቁ አልኳት። እሷም በእሷ ቤት መልሱን ከአማቷ በቀር ማንም የማያውቀው ጥያቄ እንዳለ ነገረችን፤ ሁሉም ሳቀ። እያንዳንዱ ቤት የትም ያልተጻፈ አንድ ጥያቄ እንዲኖረው ተስማማን። የእኛ የሻዩ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲያ አልሠራም፣ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። ሌላ አለን፤ እዚህ አልጽፈውም።

በጥር፣ ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ ሌላ መልእክት ደረሳት። ላኪውን አናውቀውም። መልእክቱ እንደተከፈተ ስልኳን ከእኔ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው።