የማያለቅሱ ሰዎች

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ስፒሉ ነው። ልብስ ሰፊዋ የምታውሰው ልብወለድ ሁሉ ዳር ዳሩ ባለቀይ ራስ ስፒል ተሰክቶበታል፤ ሲያዩት መጽሐፍ ሳይሆን ገና ያልተሰፋ እጅጌ ይመስላል። ቀዩ እሷ ያለቀሰችበት ገጽ ነው። የተዋሰው ሰው ደግሞ ሲመልስ እሱ ያለቀሰበት ላይ ነጭ ስፒል መሰካት አለበት። ነጩ ከቀዩ ጎን ከተገኘ ሰውየው ሰው ነው። ካልተገኘ፣ በእሷ አነጋገር፣ «ልቡ ገበር የለውም።»

በዚህ ሚዛን ተመዝኖ የተረፈ ዘመድ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቷ ፋርማሲስት በየገጹ ነጭ ሰክታ ብትመልስላት፣ «አንቺን ጉንፋን ነው የያዘሽ» አለቻት። አጎቷ፣ «ሰው እንዴት መጽሐፍ ገዝቶ ያዝናል?» ብለው ቢጠይቁ፣ «እርስዎ በነጻም አልሆነልዎት» አለቻቸው። እሑድ ከሰዓት ግን ሁሉም ይመጣሉ። በተቆረጠ ጨርቅ መሃል፣ በስፌት መኪናው ዙሪያ ይቀመጡና አስተያየት ይሰጣሉ። እሷም አስተያየታቸውን እንደ ተበላሸ ስፌት ትተረትረዋለች።

ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ሲሞቱ ልጅቷ ገና በስፌት መኪናው ሥር ቆማ የምታልፍ ነበረች። ዛሬ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ በቅርቡም አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላገባ ነው ብላለች። ታላቂቱ እሺም እምቢም አላለችም። «በመጀመሪያ ያንብብ» አለችና በጣም የምትወደውን ልብወለድ ላከችለት፤ ቤቷን ጥላ የሄደች ልጅ ፍቅረኛዋን ስትጠብቅ ባዕድ ከተማ ውስጥ የምትሞትበትን። ታናሺቱ ጨነቃት። ያለ እህቷ እሺታ ከዚያ ቤት መውጣት አትችልም፤ እህቷ ደግሞ አንዴ የናቀችውን ሰው መልሳ አክብራ አታውቅም።

እሑድ ሰውየው መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ።

«አነበብከው ወይስ አየር አስገባህለት?»

«ጨርሼዋለሁ፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ገለጠች። የልብወለዱ ልጅ ባቡር ጣቢያ ላይ የምትሰናበትበት ገጽ፣ ነጭ የለም። የምትታመምበት፣ የለም። የምትሞትበትም እንደዚያው። ፋርማሲስቷ ስለ ሰውየው እሷ ተሳቀቀች። ታናሺቱ ጣቶቿን እየቆጠረች አቀረቀረች። በኋላ ግን፣ ማንም ቆሞበት በማያውቅ ገጽ ላይ፣ አንድ ነጭ ስፒል ብቻውን ብልጭ አለ።

«እዚህ ጋ ምን አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ። «ሳህን ነው ያለው። የልጅቷ እህት ሳህን ታጥባለች።»

«አዎ።»

«ልጅቷ ስትሞት ዓይንህ ደርቆ ለሳህን አለቀስክ።»

«ሳሙናው ገብቶበት ይሆናል» አለች ፋርማሲስቷ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ በአፍንጫዋ ሳቀች።

ሰውየውም አብሮ ፈገግ አለ፤ የተሰደበ አይመስልም። «እህቷ ከሄደች በኋላም ለሁለት ሰው አቀረበችና አንዱን ሳህን ማንም ሳይነካው መልሳ አጠበችው» አለ። «ሟቿማ ሁሉም አልቅሶላታል። እቤት የቀረችውን ግን ደራሲውም ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረላትም። እስከ መጨረሻው ፈልጌያት ነበር።»

«ልብወለዱ የእሷ አይደለማ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ማን ይፈልጋታል?»

ነጩን ስፒል ነቅላ፣ ልብስ ስትለካ እንደምታደርገው፣ ከንፈሮቿ መሃል ያዘችው። ስፒል አፏ ውስጥ ሲኖር አትናገርም። እንግዶቹ ይህንን ያውቃሉ፤ ግን ይህን ያህል ቆይታ አታውቅም። ያን ገጽ አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ያ የሰላ አፍ በአንዲት ቀጭን ብረት እንዲህ መዘጋቱ ይገርም ነበር።

«እትዬ» አለች ታናሺቱ ቀስ ብላ። «ሳህኔን አታጥቢው። እሑድ እሑድ እመጣበታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው።

«መብል ሲወራ መቼም ቀድመሽ ነው» አለች። «ቀሚስሽን ሌላ ሰው ቢሰፋው ግን ወደ ሠርግሽ እግሬን አላነሳም። ለዚህ ሰውዬሽም ንገሪው፤ ሱሪው አጥሯል። እንዲህ ሆኖ እኔ አጠገብ አይቆምም።»

ታናሺቱ ልትስማት ብድግ ስትል ታላቂቱ ጃኬቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ከፍታ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

«የአስተያየታችሁ ሽታ እስኪወጣ።»

መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል። እሷ ግን ለማንም ሳትለቅ፣ ዓይኗን በጃኬቷ እጅጌ አንዴ ጠረግ አድርጋ፣ መሃል መሃሉን ይዛ ወደ ታች ወረደች።