የተገፈፈው እጅጌ

በጣሊያን ዘመን እኛ የመንዝ ሰዎች ፊደል ሳንቆጥር ማንበብ ተምረን ነበር። የምናነበው እጅጌ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ባንዳ ብቅ ሲል ዓይናችን ፊቱን ትቶ ክንዱን ይፈልጋል። ክንዱ ባዶ ከሆነ አዲስ ገብ ነው፤ ቢለምኑት ይራራ ይሆናል። አንድ ቀይ ጥብጣብ ከተሰፋበት ጌቶቹ ጠባዩን ወደውለታል ማለት ነው። ሁለት ካየን ግን በጎቻችንን እየነዳን በአቋራጭ ወደ ቤት ነው። ከአጠፋ ጥብጣቡን ይነጥቁታል ይባል ነበር። እዚያ ምሽግ ውስጥ ጥፋት የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ጥሩ ጠባይ የሚባለውስ የስንት ጎጆ ቃጠሎ እንደሆነ፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ታላቅ ወንድሜ ባለ ሁለት ጥብጣብ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከአባታችን ጋር በመሬት ተጣልቶ፣ በእልህ ሄዶ ምሽግ ገባ። አባታችን ከዚያ በኋላ ስሙ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ከለከሉ። እናታችን ቀድማ አርፋለች፤ እኔም ባሌን ፈትቼ ተመልሼ ከአባቴ ጋር ሁለት ብቻ ነበርን። የክረምቱ ብርድ ሳንባቸውን መትቶ አባቴን ሲወስዳቸው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ወንድሜ የመጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተዝካር ማግስት ነው። እኩለ ቀን ላይ ያለ ጠመንጃ፣ በእግሩ መጣ። የለበሰው የጣሊያን ኮት ግራ እጅጌው ተቦትርፏል። ጥብጣቦቹ የሉም፤ በነበሩበት ቦታ ጨርቁ አብሮ ተገንጥሎ ክር ተንጠልጥሏል፤ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቀይ ቀርታለች።

«ወንድምጋሼ፣ እጅጌህን ምን ነካው?» አልኩት።

«ተዪው። እንዳትነኪው» አለና አባታችን የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ባዶውን መደብ አቅፎ ጮኾ አለቀሰ፤ ሲደክመው ኮቱን አውልቆ እዚያው ተኛ።

እኔ ደግሞ አትንኪ ከተባልኩ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ። ትዳሬንም ያፈረሰው ይኸው ጠባዬ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ለአባቱ ያላጠቆረ ልጅ፣ ያውም የጣሊያን ጨርቅ ተቦትርፎበት፣ ሰው ፊት ሊቀመጥ ነው? ሌላ ልብስ አልነበረውም። ቀይዋን ቁራጭ በጥርሴ ነቅዬ እሳት ውስጥ ጣልኳት። የተንጠለጠለውን ክር ለቃቅሜ ቀዳዳውን ግጥም አድርጌ ሰፋሁት። ከዚያ የራሴን ቀሚስ ባጠቆርኩበት ማሰሮ፣ ከቅጠልና ከጥቁር ጭቃ ጋር ቀቀልኩት። ፀሐይ ላይ ሳሰጣው የጣሊያን መሆኑ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ።

ወንድሜ ሲነቃ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ኮቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ምስክሬ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ወደ ግሼ በኩል የአንድ መንደር የገብስ ክምር አቃጥል ተብሎ እምቢ አለ። አለቃው ሠራዊቱ ፊት አቁሞ ጥብጣቦቹን ከነጨርቁ በጩቤ ገፈፈው። በሳምንቱ ጠፍቶ ወጣ፤ አሳቡ ከአርበኞቹ ጋር ለመግባት ነው። አርበኞቹ ደግሞ ሰላይ መርሯቸዋል። ጣሊያኖች ሰላይ ሲልኩ፣ ከድቻለሁ እንዲል ጥብጣቡን በጥንቃቄ ፈትተው ነው የሚልኩት፤ ኮቱ ደህና ነው። የተገፈፈ ግን እጅጌው አብሮ ይቀደዳል።

«ያንን ቀዳዳ ታቅፌ ሦስት ቀን በእግሬ የመጣሁት ለምን መሰለሽ?» አለኝ።

«አብሬህ ሄጄ እኔ ነኝ የሰፋሁት እላለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

«አርፈሽ ተቀመጪ። የባንዳ እህት ነሽ፤ ምን እንደሚያደርጉሽ አይታወቅም።»

አርፌ አልተቀመጥኩም። በሁለተኛው ቀን አርበኞቹ ሲያስጠሩት ተከትዬው ሄድኩ። ከጓሳ በታች ካለው ገደል አፋፍ ተሰብስበዋል። የሚመሯቸው ሽማግሌ ከጦርነቱ በፊት አገር የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። ወንድሜ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ሽማግሌው ኮቱን ተቀብለው እጅጌውን ገለበጡና ውስጡን አዩት።

«ተገፎ ነው ወይስ ተፈቶ?»

«ተገፎ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ማን ሰፋው?»

ከወንድሜ ኋላ አራት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ከሽማግሌው ጎን የቆመው ጎረምሳ ጠመንጃውን እያሻሸ፣ «የባንዳ ምልክት የሚሸፍን ያው ባንዳ ነው» አለ። ባሌንና አማቴን በአንድ ላይ አፍ ያስያዘው ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«እኔው ነኝ የሰፋሁት» አለ ወንድሜ፣ ወደኋላው ሳይዞር።

ሽማግሌው እጅጌውን ደግመው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

በመጨረሻ ፈረዱ። አይገደልም፤ ጠመንጃም አይሰጠውም። ዱላ ይዞ ከፊት ይቀድማል፤ እሱ ራሱ ከጠላት እጅ ጠመንጃ ሲነጥቅ ያን ጊዜ ይታመናል።

ሁለት ጊዜ ዱላውን ይዞ ቀድሞ ገባ፤ ሁለቴም ባዶ እጁን ተመለሰ። በሦስተኛው ጠመንጃው ጋ ሳይደርስ መቱት። ያጠቆርኩለትን ኮት ለብሶ እዚያው ተቀበረ።

ሽማግሌው ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። በአባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው ወንድሜ ጥሩ ሰው እንደነበረ ሲናገሩ አላስችል አለኝ።

«አባቴ፣ እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አልደነገጡም።

«አውቃለሁ ልጄ። ያ የሰፌድ ስፌት ነው። ወንድ እንደዚያ አይሰፋም።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ፈረዱበት?»

«ጉባኤ ፊት ዋሸኛ። በውሸት የጀመረ ሰው እጅ ላይ የሰው ነፍስ አላስቀምጥም። የሰፋችው እህቱ ናት የሚል አንድ አፍ ቢገኝ ግን ነገሩ ሁሉ እውነት ይሆን ነበር፤ ጠመንጃ ይዞ ይሄድ ነበር።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጠበቅሁሽ እኮ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ጠብቀውኝ ነበር።