ቦንሳ በሶ የጨበጠ ጊዜ

ዛሬም በወፍጮ ቤት በር ሳልፍ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ሽታ ካወደኝ፣ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይቆማል፣ ልቤም ጊንጪ ገብታ ከዚያች ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ታናሽ ወንድሜን ቦንሳን ፍለጋ ትጀምራለች።

እናቴ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው የነርስነት ትምህርት ደርሷት በመስከረም ወደ ነቀምት ስትሄድ፣ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ቦንሳ ደግሞ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። እስከ ሰኔ ድረስ ቤቱ የቀረው ለአስተማሪው አባታችን ነው፣ እሱ ደግሞ ከምድጃ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ጴንጤዎች ስለነበርን ገበታ ሲቀርብ ይጸልይ ነበር፤ ሽሮው ግን ጸሎቱ እንዲያ ረዝሞለትም ከማረር አልዳነም። እኔስ እበላ ነበር። ቦንሳ ግን ከእናቴ እጅ በቀር ጉርሻ የማያውቅ ልጅ ስለነበር፣ አፉን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

አባቴ «ኛዱ፣ የኔ ልጅ፣ ብላ እንጂ» እያለ ይለምነዋል፣ ጎረቤት ወጥ ይዞ ይመጣል፣ እሱ እቴ! ጥቅምት ሲጋመስ አንገቱ ቀጥኖ ሸሚዙ ሰፋበት። በዚህ ጊዜ አባቴ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «እንዲህ ከቀጠለ እናትሽን ትምህርቱን ትተሽ ነዪ ልላት ነው» አለኝ። እናቴ ያንን ትምህርት እንዴት እንደጠበቀችው አውቅ ስለነበር ቦንሳን የማበላበት ዘዴ መፈለግ ጀመርኩ።

ኅዳር ላይ አዲሱ ገብስ ሲገባ ከገጠር ዘመዶቻችን በሶ መጣልን። እሳት የማይፈልግ ምግብ ስለሆነ፣ ይህስ አያቅተኝም ብዬ አንድ ቅዳሜ ሳህን አቀረብኩ። ጨው በውሃ አሟሟሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ዱቄቱን ጨምሬ ማሸት ስጀምር ቀጠነብኝ። ዱቄት ጨመርኩ፤ ደረቀ። ውሃ ጨመርኩ፤ ላቆጠ። ዱቄት፣ ውሃ፣ ዱቄት እያልኩ ሳህኑ ሞልቶ ወደ ሳፋ ስዛወር፣ ቦንሳ ከግድግዳው ዞሮ ሲያየኝ ቆየና ሳቀ። እናቴ ከሄደች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እኔም ልጨብጥ» አለ። እጁን አስታጠብኩት። ቆንጥሮ ሲጨብጠው የጣቶቹ ምልክት ያረፈበት ትንሽዬ ጭብጦ ወጣለት፣ አገላብጦ አየውና ወደ አፉ ከተተው። ሌላ ጨበጠ። አባቴ ከገበያ ሲመለስ በሳፋው ዙሪያ ተቀምጠን አገኘን፤ ኮቱን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ ከጎናችን ቁጭ አለና እሱም መጨበጥ ጀመረ። ያንን በሶ ሳምንቱን ሙሉ በላነው።

ከዚያ ወዲያ ቦንሳ ራሱ የሠራውን ሁሉ ይበላ ነበር። በበጋው ድንች በረመጥ ቀብሮ በስሎ እንደሆነ በእንጨት እየገለጠ ያይ ነበር፣ የሽምብራ እሸት ሲደርስ ለብልቦ ይፈለፍል ነበር፣ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ድርቆሽ በበርበሬና በዘይት እያራሰ፣ እኔን «አንቺ ጨው ታበዢያለሽ» ብሎ ከአጠገቡ ያባርረኝ ነበር። እናቴም ትምህርቷን ሳታቋርጥ ጨርሳ በሰኔ መጣች።

ከአውቶቡስ ወርዳ ቤት እንደገባች ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ምን አማራችሁ?» አለች። ቦንሳ እጇን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣትና፣ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ። እኛ በልተናል፣ ላንቺ እኔ እሠራልሻለሁ» አላት፣ ሠርቶም አጎረሳት። እናቴ ጎበዝ ብላ ሳመችው፣ ትንሽ ቆይታ ግን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። ያን ጊዜ ምኑም አልገባኝም። ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብለን አይደል እንዴ ያን ሁሉ የለፋነው?

አሁን የምኖረው አምቦ ነው። ያኔ እኛ በዱቄት ተለውሰን የተማርነውን፣ ዛሬ ልጄ የጋዝ ምድጃውን ለኩሳ፣ እንቁላሏን ጠብሳ፣ ሳህኗን አጥባ ትጨርሰዋለች። በቀደም ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ በቀጥታ ወደ ማድቤት ሳመራ፣ «ማሚ፣ በልቻለሁ፣ አትድከሚ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ደስ ብሎኝም እጄን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ያገኘኋት እናቴ ትዝ ብላኝ ጊንጪ ደውዬ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ምሳ ሠርተሽ ጠብቂኝ፣ እኔ ማድቤት ድርሽ አልልም» አልኳት። እሺ አለችኝ፤ ስልኩን ሳትዘጋውም ገና ካሁኑ ድስት ስታንኳኳ ሰማኋት።