አንዷ ጉትቻ

የድሮ ጌጥ አቅልጦ አዲስ የሚሠራው አንጥረኛ ቅንድቡ በእሳት ተለብልቦ አልቋል። ከሰው ይልቅ ከጉጠቱ ጋር ያወራል። የአያትን አምባር ለልጅ ልጅ ቀለበት ለማድረግ ቅንጣት አያመነታም። እሳት ውስጥ ከመክተቱ በፊት ግን፣ "እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ አጥልቂው፣ እህቴ" ይላል። ሴትየዋ አጥልቃ እስክታወልቀው ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ከመብራቱ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ መንጠቆዋ የተጣመመ አንዲት የሕፃን ጉትቻ ተንጠልጥላለች። ዛሬ አምባር ያመጣችው ሴት ዓይኗ አረፈባትና፣ "አባባ፣ ይቺ እኮ አንድ ለእናቷ ናት፤ ለምን ከሌላ ጋር አያቀልጧትም?" አለች።

ወናፉን መንፋት አቆመ።

"ልጄ የጠፋች ዕለት ሌላዋን አድርጋ ነበር። አድጋ ስትመጣ በምን ላውቃት ነው?" አለ፣ ለጉጠቱ።